ባንኮኒው ትምህርት ቤትህ ነው

ከሥራ ተቀንሰሃል? ሠላሳዎቹን አጋምሰሃል? «አሁንማ ረፈደ» እያልክ ነው?

አልረፈደም! ና፣ ጆን ሂክንሉፐርን ላስተዋውቅህ።

ዛሬ በአሜሪካ ምክር ቤት የኮሎራዶ ግዛት ሴናተር ነው። ከዚያ በፊት 8 ዓመት የግዛቲቱ አገረ ገዥ ነበር። ከዚያ በፊት የዴንቨር ከንቲባ። ከዚያስ በፊት? የቢራ ቤት ባለቤት! ከዚያ በፊት ደግሞ ሥራ የፈታ ጂኦሎጂስት።

ሰውየው በ1952 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ እናቱ አሳደገችው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ ዲግሪ ያዘ። ቀጥሎ በጂኦሎጂ ማስተርሱን ሠራ። ኮሎራዶ ሄዶ ነዳጅ ኩባንያ ተቀጠረ። ሙያ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ኑሮ ተመቸ።

ከዚያ 1986 መጣ።

የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ኩባንያዎች ሠራተኛ በጅምላ ቀነሱ። ጆንም ተቀነሰ። ጥፋቱ ምን ነበር? ምንም! ሥራውን ያሳጣው የዓለም ገበያ ነው። አንተንም ከሥራ ያስወጣህ ነገር ብዙ ጊዜ ካንተ ማንነት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ «እኔ አልረባም» ማለት አቁም። ዛሬውኑ አቁም!

ጆን ምን አደረገ? ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሊ ከተማ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄደ። እዚያ ቢራውን ራሱ ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ ቤት አየ። በዚያን ጊዜ ኮሎራዶ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። እሱ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። የቢዝነስ ፕላን አጻጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ተውሶ አነበበ።

በቃ። ጅማሬው ይኼ ነው። የተዋሰው መጽሐፍ!

ቀጥሎ ገንዘብ ፍለጋ ወጣ። የወዳጁንም የማያውቀውንም በር አንኳኳ። ብዙዎቹ እምቢ አሉት። የገዛ እናቱ እንኳ ገንዘቧን አላወጣችም። አስበው፤ የወለደችህ እናት «ይቅርብኝ» ስትልህ! ቢሆንም አኩርፎ አልተቀመጠም። ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። «እምቢ» ሲሉህ ሐሳብህ ሞተ ማለት አይደለም። የሚቀጥለውን ሰው ጠይቅ ማለት ነው።

በጥቅምት 1988 ከሸሪኮቹ ጋር ዊንኩፕ የተባለውን ቢራ ቤት ከፈተ። 36 ዓመቱ ነበር። ቤቱ በ1899 የተሠራ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሎዶ በሚባለው የዴንቨር አሮጌ ሰፈር። ኪራዩ ለአንድ ካሬ ጫማ በዓመት 1 ዶላር። ለምን ረከሰ? ሰፈሩን የሚፈልገው ስላልነበረ ነው! አካባቢው ባዶ መጋዘን የሞላበት ነበር። ኩርስ ፊልድ የተባለው ትልቁ የቤዝቦል ስታዲየም እዚያው አቅራቢያ የተከፈተው ከ7 ዓመት በኋላ በ1995 ነው። «ዕድለኛ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም። ዕድሉ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ቆሞ የጠበቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልውሰድህ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይኼኛው ነው።

ሂክንሉፐር የሰው ፊት የመለየት ችግር አለበት። በሕክምና የታወቀ ነው፤ ራሱም በአደባባይ ተናግሮታል። እስቲ አስበው! ደንበኛን በፊቱ መለየት የሚቸግረው ሰው ምግብ ቤት ይከፍታል? መራጭን በፊቱ መለየት የሚያዳግተው ሰው ለምርጫ ይወዳደራል?

ተወዳደረ። አሸነፈም። ያንተስ ሰበብ ከዚህ ይብሳል?

ፊት ባይለይ ጆሮ ነበረው። ቢራ ቤቱ ውስጥ አንድ ልማድ አዳበረ፤ የተቆጣ ሰው ሲመጣበት አይከራከርም፣ ሰውየው ያለውን መልሶ ለራሱ ይነግረዋል። ዘዴው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ ደንበኛ ምግቡ ዘገየ፣ ሲመጣም ቀዝቅዞ ነው ብሎ ይጮሃል። «ኩሽናው ተጨናንቆ ነው» ብትለው ይብስበታል። «ጌታዬ፣ ብዙ ጠበቁ። ሲመጣልዎትም ቀዝቅዞ ነው። ከቤተሰብዎ ጋር ያሰቡት ምሽት ተበላሸ። እንደዚያ ነው ያሉኝ?» ብትለውስ? ድምፁ ይወርዳል። ትከሻው ይላላል። «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ይላል። መነጋገር የሚጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይኼ ችሎታ ከማንም ጋር አብሮ አይወለድም። በየቀኑ በመደጋገም የሚመጣ ነው። አንተም ትችላለህ!

እስከ 2003 ድረስ ጆን አንድም የሕዝብ ሥልጣን ይዞ አያውቅም። በ2001 የከተማዋ የአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም የቆየ ስሙ ለኩባንያ እንዳይሸጥ ተሟግቶ ሕዝብ አውቆት ነበር፤ ያ ብቻ ነው። በ51 ዓመቱ ለከንቲባነት ተወዳደረ። በማስታወቂያው ላይ ሳንቲም ይዞ በየመንገዱ ለቆሙ መኪናዎች የፓርኪንግ ክፍያ ሲከፍል ታየ፤ ሕዝቡ በክፍያው ጭማሪ ተማሮ ነበርና። ምሬቱን ሰምቶ መልሶ ነገረው! የባንኮኒው ልማድ አይደል?

ከንቲባ ሲሆን አንዱ ትልቅ ፈተና ባቡር ነበር። በ1997 የባቡር ዕቅድ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወድቋል። በዴንቨርና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች መካከልም የቆየ ቅሬታ አለ። እሱ ግን ጎረቤት ከንቲባዎችን እንደ ደንበኛ ቆጥሮ አዳመጣቸው። በ2004 ከንቲባዎቹ አብረው ቆሙ፤ ሕዝቡም 0.4 በመቶ የሽያጭ ግብር ተጨምሮበት ባቡሩ እንዲሠራ ድምፁን ሰጠ። ዛሬ ዴንቨር ኤርፖርት የምትወርዱ ወገኖቼ፣ ከዚያ ወደ መሐል ከተማ የምትሳፈሩበት ባቡር የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው። በ2016 ሥራ ጀመረ።

በ2010 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር ተቃዋሚን የሚያጠለሽ ማስታወቂያ አላወጣም ብሎ ቃል ገባ። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ሻወር ሥር ቆሞ ነው ይኼን ያለው፤ የስድብ ማስታወቂያ ሲያይ መታጠብ ያሰኘዋል! አሸነፈ። እሱ አገረ ገዥ ሳለ የነዳጅ ኩባንያዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተደራደሩ፤ በ2014ም ኮሎራዶ ከነዳጅ ጉድጓድ የሚያመልጠውን ሚቴን ጋዝ በመቆጣጠር ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። የተቀነሰው ጂኦሎጂስት ወደ ነዳጅ ጉዳይ ተመለሰ፤ አሁን ግን አገረ ገዥ ሆኖ!

ሁሉም ተሳክቶለታል? የለም። በ2019 ለፕሬዚዳንትነት ሞክሮ ነሐሴ ላይ አቋረጠ። «ሴናተርነት ለእኔ አይሆንም» ብሎም ነበር። ሐሳቡን ቀየረ፣ በ2020 ተወዳደረ፣ ወንበሩ ላይ የነበረውን ሴናተር አሸንፎ ገባ። ሐሳብ መቀየር አያሳፍርም!

አሁን ተራው ያንተ ነው። ምናልባት ይኼን የምታነበው ሱቅህ ውስጥ ነው። ምናልባት ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ላይ ታክሲ ትነዳለህ፣ ወይ ቦሌ ካፌ ውስጥ ታስተናግዳለህ። አንቺም እህቴ፣ ምናልባት ዱባይ ሆቴል እንግዳ ትቀበያለሽ። «ይኼ ሥራ የትም አያደርሰኝም» አትበሉ። በቀን ስንት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ? ስንቱን በደንብ ሰማችሁ?

ነገ ጠዋት የመጀመሪያው የተቆጣ ሰው ሲመጣ መልስ ለመስጠት አትቸኩል። እስኪጨርስ ጠብቅ። ያለውን በራሱ ቃል መልሰህ ንገረው። ከነገ ወዲያም እንዲሁ አድርግ። ከዚያም ተውሰህ የምታነበውን መጽሐፍ ፈልግ!