የሶዲየም ባትሪ ለምታጠና ልጄ

ልጄ፣ በሶዲየም ባትሪ ላይ ምርምር ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሙያ ነውና፣ ላብራቶሪ ከመግባትሽ በፊት እነዚህን ያዢልኝ።

1. ሶዲየምን ሊቲየም ሁን አትበዪው። የአቶሙ ክብደት 23 ነው፤ የሊቲየም 7። አዮኑም ይገዝፋል፣ ቮልቴጁም ያንሳል። የቻይናው ሲኤቲኤል እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው ሴል በኪሎ 160 ዋት-ሰዓት ይይዝ ነበር፤ በ2025 ይፋ ያደረገው ደግሞ 175። ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ በአራት ዓመት የጨመረው ይህን ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ እጥፍ ካልሆነልኝ ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

2. የሚጠፋውን ሶዲየም ቁጠሪ። ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ይህንን ነው። ባትሪው ውስጥ የሚመላለሰው ሶዲየም የሚመጣው ከካቶዱ ነው፤ አንዴ ከታሸገ የሚጨመርበት የለም። ገና በመጀመሪያው ቻርጅ ከፊሉ አኖዱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ይህ ሽፋን ከሊቲየሙ ይልቅ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ በተሟሟ ቁጥር እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ሶዲየም ይበላል። በየዙሩ 99.9 ከመቶ ተመለሰልኝ ብለሽ እንዳትረኪ። ትርፍ ሶዲየም በሌለው ሴል ከ1,000 ዙር በኋላ የሚቀርሽ 37 ከመቶ ገደማ ነው። 99.99 ካደረስሽው ግን 90 ይቀርሻል።

3. ካቶድሽን ከሶዲየም ብረት ጋር ብቻ ፈትነሽ «ዕድሜው ረጅም ነው» አትበዪ። ብረቱ የጎደለውን ሁሉ እየተካ ጉድለቱን ይሸፍንብሻል። ከካርበን አኖድ ጋር አጋጥሚው። በኪሎ የሚይዘውንም ስትናገሪ የዱቄቱን ሳይሆን የሙሉ ሴሉን ክብደት ያዢ።

4. ካርበኑ ላይ ጊዜ አጥፊ። ግራፋይት ሶዲየምን እንደ ሊቲየም አይቀበልም። መንገዱን የከፈቱት ካናዳ ውስጥ ስቲቨንስና ዳን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከግሉኮስ የተሠራ ሃርድ ካርበን በግራም 300 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል እንደሚይዝ አሳዩ። ሶዲየሙ የሚጠራቀመው ካርበኑ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ጭምር ነው። ክፍተቶቹ ለኤሌክትሮላይቱ ክፍት ከሆኑ ያ ሶዲየም በላ ሽፋን ይበዛል። ውስጣቸው ሰፊ፣ አፋቸው ዝግ እንዲሆን ካደረግሽ ኃይሉም ዕድሜውም አብረው ይጨምራሉ። እኔ ብዙ ተስፋ የምጥለው እዚህ ላይ ነው።

5. እርጥበትን ፍሪ። የኦክሳይድ ካቶድ ዱቄት አየር ላይ ካደረ ሶዲየሙ ወደ ላይ ወጥቶ ካርቦኔት ይሆናል። በማግስቱ ከማጣበቂያው ጋር ስትለውሺው ይረጋል፤ አሉሚኒየም ፎይሉ ላይ እንኳ አልቀባም ይልሻል።

6. ምረጪ ካሉሽ ዕድሜውን ምረጪ። የገጠር ጤና ጣቢያ የፀሐይ ኃይል የሚያጠራቅምበት ባትሪ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም፤ ክብደቱ ማንንም አያስቸግርም። ቶሎ ከሞተ ግን የሚተካው ገንዘብ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያ ውጤትሽን ስትልኪልኝ በኪሎ ስንት እንደያዘ ከመንገርሽ በፊት፣ 1,000ኛው ዙር ላይ ስንት እንደቀረው ጻፊልኝ።