ስለ ማገዶና ስለ ውኃ ቁጠባ

ገበሬ ከገበያ ጨውና ዘይት ገዝቶ ሲመለስ ያወጣውን ገንዘብ ያውቃል፤ ለቤተ ሰቡም ይናገራል። ከዱር የተለቀመውን እንጨት፣ ከበረት የተጠፈጠፈውን ኩበትና ከምንጭ የተቀዳውን ውኃ ግን ማንም አይቈጥረውም። ገንዘብ ስላልወጣበት በነፃ የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ዋጋው በሌላ መንገድ ይከፈላል። አንደኛው ዋጋ የእናት ጀርባና የልጅ የትምህርት ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ የማሳው ለምነት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን የተሰወረ ዋጋ በቁጥር አሳይቶ፣ ያለ ብዙ ወጪ የሚቀነስበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

1. አስቀድሞ መቍጠር

ያልተቈጠረ ነገር መቈጠቡ አይታወቅም። ስለዚህ ማናቸውንም ልማድ ከመለወጣችሁ በፊት ለ7 ቀን ያህል ቍጠሩ። በየቀኑ ስንት ጀሪካን ውኃ እንደገባ፣ ስንት ሸክም እንጨትና ስንት ቅርጫት ኩበት እንደተቃጠለ በግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። ሚዛን የምታገኙ ከሆነ አንዱን ሸክምና አንዱን ቅርጫት መዝናችሁ ኪሎውን ያዙ። ውኃ የሚቀዳው ሰው ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጅበትንም ጊዜ አትርሱ።

ለምሳሌ አንድ ቤተ ሰብ በቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5 ጊዜ ይቀዳል እንበል። ይህ 100 ሊትር ሲሆን የውኃው ክብደት 100 ኪሎ ነው። የአንዱ ጀሪካን የደርሶ መልስ መንገድ ግማሽ ሰዓት ቢሆን፣ በቀን 2 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 17 ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ ያልቃል። ከዚህ ውስጥ በቀን አንዱን ጀሪካን ብቻ ማስቀረት በሳምንት 3 ሰዓት ተኩል ማትረፍ ነው።

2. ኩበት ሲቃጠል የሚጠፋው

እንጨት በራቀባቸው ደጋማ አገሮች የከብት እበት ተጠፍጥፎና ደርቆ ማገዶ ይሆናል። ይህ ከችግር የመጣ እንጂ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ምግብ ሳይበስል አይታደርም። ሆኖም የምናቃጥለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

100 ኪሎ ደረቅ ኩበት በውስጡ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ናይትሮጅን አለው። ናይትሮጅን ሰብልን የሚያሳድገውና ቅጠሉን የሚያለመልመው ምግብ ነው፤ ዩሪያ የምንገዛውም ስለ እርሱ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፖታሲየም፣ ፎስፎረስና የመሳሰለው ማዕድን ብቻ ነው። አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ አንድ ቤት በሳምንት 40 ኪሎ ኩበት ቢያነድ፣ በዓመት ከ20 ኩንታል በላይ ይሆናል። በዚህ ውስጥ 30 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለ። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ዩሪያ የሚይዘው 23 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ያ ቤት በየዓመቱ ከአንድ ከረጢት ዩሪያ የሚበልጥ ናይትሮጅን በጉልቻው ሥር ያቃጥላል፤ ከዚያም ብር ቈጥሮ ዩሪያ ይገዛል። እርግጥ ፍግ እንደ ዩሪያ ፈጥኖ አይሠራም፤ ናይትሮጅኑን ቀስ በቀስ ከአንድ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ዩሪያ የሌለውን ብስባሽ ለአፈሩ ይጨምራል።

ከዚህ የምንረዳው በምድጃው የተቈጠበ እያንዳንዱ ቅርጫት ኩበት ለማሳው የተረፈ መሆኑን ነው። የማገዶ ቁጠባ ከእርሻ ሥራ ተለይቶ የሚታይ የሴቶች ጉዳይ አይደለም፤ ራሱ የእርሻ ሥራ ነው።

3. ማገዶ የሚቈጠብባቸው መንገዶች

ሀ/ እንጨቱን ማድረቅ። እርጥብ እንጨት ሲነድ እሳቱ ድስቱን ከማሞቁ በፊት በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ በማትነን ይደክማል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ብዙ ጭስም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንጨቱን በበጋ ፈልጣችሁ፣ ነፋስ እንዲገባበት አመሳቅላችሁ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ከምሩት። የክረምቱ ማገዶ ግንቦት ሳያልቅ ደርቆ መገኘት አለበት።

ለ/ እሳቱን መከለል። በ3 ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱ በየጎኑ ይባክናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የወጣው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ሲሆን፣ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚያጥር ከጉልቻ ጋር ሲመዛዘን የእንጀራውን ማገዶ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በጭሱ መውጫ ላይ ድስት ስለሚጣድበትም በአንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል። ለመግዣው ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ጉልቻውን ዙሪያውን ክበቡት፤ ለማገዶው መግቢያና ለጭሱ መውጫ ብቻ ክፍት ተዉ።

ሐ/ እንጀራን በአንድ ጊዜ መጋገር። ቀዝቃዛውን ምጣድ ለማሞቅ የሚጠፋው ማገዶ ሦስት እንጀራ ቢጋገር ወይም ሠላሳ ቢጋገር ያው ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ከመጋገር ለሦስት ቀን የሚሆነውን በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ጥቂት እንጀራ የሚበቃቸው ጎረቤታሞች ደግሞ ማገዶውን አዋጥተው፣ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ተራ በተራ ቢጋግሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱ ገና ትኵስ ስለሆነ ቆሎ ቍሉበት፤ በምድጃው ላይ የእግር መታጠቢያ ውኃ አሙቁበት።

መ/ ድስት መክደንና እህል መዘፍዘፍ። ክዳን የሌለው ድስት ሙቀቱን ከእንፋሎቱ ጋር ይለቃል። ውኃው ከፈላ በኋላም እሳቱን ቀንሱ፤ የሚንተከተክ ውኃ እሳት ስለ ተጨመረበት ሙቀቱ ከፍ አይልም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላና ሽምብራ ከቈላ ይልቅ በደጋ ዘግይተው ይበስላሉ። ስለዚህ የንፍሮ እህል ማታ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት።

ሠ/ ፍሙን ማዳን። ሥራው እንዳለቀ የተረፈውን እንጨት ከእሳቱ ሳቡ፤ ፍሙንም በክዳን ወይም በአመድ አፍኑት። ከሰሉ ለቡና ይሆናል። ማስጠንቀቂያ፦ ለሙቀት ሲባል ፍም በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ማሳደር ሰው ይገድላል።

ረ/ ማገዶን መትከል። ባሕር ዛፍ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቈጠቍጥ ለማገዶ ይመቻል፤ ነገር ግን ውኃ ስለሚስብ ከምንጭና ከሰብል ማሳ አርቃችሁ ትከሉት። በማሳ ዳር ግን ግራቪሊያ፣ ዋንዛና የመሳሰሉት ይሻላሉ።

የተረፈውን እበት ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ከገለባና ከአመድ ጋር በየተራ አንጥፋችሁ፣ በቅጠል ወይም በአፈር ሸፍናችሁ አብስሉት። ሜዳ ላይ የተጣለ እበት ናይትሮጅኑን ፀሐይና ጎርፍ ይወስዱበታል። ከ4 ያላነሱ ከብቶችና በአቅራቢያው ውኃ ያለው ገበሬ ስለ ባዮጋዝ የልማት ሠራተኛውን ይጠይቅ፤ በባዮጋዝ እበቱ መጀመሪያ እሳት፣ በኋላም ፍግ ይሆናል።

4. ውኃ የሚቈጠብባቸው መንገዶች

ሀ/ የጣራን ውኃ መያዝ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ጊዜ ቢጥልበት እስከ 300 ሊትር፣ ማለትም እስከ 15 ጀሪካን የሚሆን ውኃ ይወርዳል። ይህ ከላይ ላነሣነው ቤተ ሰብ የ3 ቀን ውኃ ነው። አሸንዳ ግጠሙና ከበርሜል ጋር አገናኙት። ጣራው አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚኖርበት የመጀመሪያውን ውኃ ለብቻው አፍስሱት። ወባ ትንኝ እንዳትራባበትም በርሜሉን ክደኑ።

ለ/ አንዱን ውኃ ሁለት ጊዜ መጠቀም። የእህልና የአትክልት እጣቢ ለከብት ወይም ለጓሮ ይሁን። የዕቃና የልብስ እጣቢ ወደ ጌሾው፣ ወደ ቡናውና ወደ ፍራፍሬው ሥር ይፍሰስ። በረኪና የገባበትን ውኃ ግን ለተክል አትስጡ። የሳሙና ውኃም በጎመን ቅጠል ላይ አይፍሰስ፤ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ አይደፋ። 1 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በበጋ በቀን 5 ሊትር ገደማ ውኃ ይበቃዋል። ስለዚህ 15 ሊትር የእህልና የአትክልት እጣቢ የሚያገኝ ቤት 3 ካሬ ሜትር ጎመን ያለማል። ከሥሩ ገለባ ብታለብሱለት እርጥበቱ ይቈያል።

ሐ/ በጠብታ መታጠብ። ትንሽ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ ከታች በኩል በሚስማር ብሱትና ቀዳዳውን በእንጨት ውተፉት። እጅ የሚታጠብ ሰው ውታፉን ነቅሎ በቀጭኑ ይታጠባል፤ ሲጨርስም ይወትፈዋል። ንጽሕና ግን አይቈጠብም፤ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

መ/ የመጠጥ ውኃ። ውኃ ለማፍላት ረጅም ጊዜ መንተክተክ አያስፈልገውም፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ በቈላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ማገዶ ሳይነድም የሚሆን ዘዴ አለ። የጠራ ውኃ እስከ 2 ሊትር በሚይዝ ንጹሕና ቀለም የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በቆርቆሮ ላይ አጋድማችሁ ለ6 ሰዓት በጠራ ፀሐይ አስጡት፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ ለ2 ቀን ይቈይ። የፀሐዩ ጨረር የተቅማጥ ተሕዋስያንን ይገድላል። የደፈረሰ ውኃ ግን ጨረሩን ስለሚከለክል አስቀድሞ ይዝቀጥ፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል።

5. ስለ መብራት

ትንሽ የፀሐይ መብራት ያለው ቤት ለላምባ አያወጣም፤ ልጆቹም በኩራዝ ጭስ አያጠኑም። መብራቱን በየጧቱ ጥላ በማያርፍበት ቦታ አስጡት፤ መስተዋቱን ከአቧራ ጥረጉት። የኤሌክትሪክ ኀይል የገባላችሁ ደግሞ ይህን አስቡ፦ 3,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ1 ሰዓት የሚፈጀው ኀይል ባለ 5 ዋት አምፑል ለ700 ሰዓት ያበራል። ስለዚህ አምፑል ማጥፋት መልካም ቢሆንም፣ ትልቁ ቁጠባ ያለው ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱን ባለማብራት ነው።

6. ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አታስተምሩ፤ አሳዩ። ሁለት እኩል ድስቶች እኩል ውኃ ይዘው ይጣዱ፤ አንዱ ይከደን፣ አንዱ ሳይከደን ይቅር፤ የነደደውም እንጨት በሚዛን ይታይ። ባሎችና ሚስቶች በአንድነት ይጠሩ። ማገዶው የሚያልቀው በእናቶች እጅ ቢሆንም፣ ምድጃ መግዛትና አሸንዳ መግጠም ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በአባወራው ነው። ውድ በሆነው ነገር አትጀምሩ፤ በክዳኑ፣ በመዘፍዘፉና እንጨት በማድረቁ ጀምሩ። ገበሬው በራሱ ቍጥር ትርፉን ካየ በኋላ ምድጃውን ራሱ ይጠይቃችኋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ይህ ሥራ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። አባት ይፍለጥ፣ አሸንዳውንም ይግጠም፤ ልጆች ጠርሙሱን ያስጡ። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ለ7 ቀን ቍጠሩና ሁለቱን ቍጥሮች አስተያዩ። ልዩነቱ የእናንተ ትርፍ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ ኩበት ይነዳል? በውስጡ ስንት ኪሎ ናይትሮጅን አለ?
2. የቤታችሁ ጣራ ስንት ካሬ ሜትር ነው? 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስንት ጀሪካን ይሰጠዋል?
3. ምንም ገንዘብ ሳይወጣ ነገ ጧት ሊጀመር የሚችለው የትኛው ነው?