ከአራት ኪሎ አዋጅ እስከ ጉማራ ወንዝ መግቢያ፦ የጣና ነጭ ዓሣ ጥበቃና የገበያው ድርሻ

መግቢያ

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የዓሣ ሀብት ጥበቃ ጥያቄዋ በሐይቆቿና በወንዞቿ ላይ ያተኮረ ነው። ከሐይቆቿ ሁሉ ሰፊው ጣና ነው። ሐይቁ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም ዕጣው በከፊል የሚወሰነው በመዲናዋ መካከል፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጁ የጸደቀው በአራት ኪሎ ነው፤ የውሃ ሥነ ሕይወት ትምህርትና ምርምር የሚካሄደውም በዚያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ወደ ፒያሳ ሲዘለቅ ደግሞ ዓሣው ተጠብሶ ይሸጣል። ይህ ጽሑፍ የጣና ነጭ ዓሣ ጥበቃ በአዋጅና በዓለም አቀፍ ዕውቅና እየተደገፈ ለምን እንደላላ ይመረምራል። መከራከሪያው፣ ጥበቃው ሐይቁን በቦታ ቢከልልም ዓሣው በብዛት የሚጠቃው በተወሰኑ ወራት ስለሆነ፣ ቁጥጥሩ የመራቢያ ወራትንና ገበያውን አብሮ መያዝ አለበት የሚል ነው።

የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ በአካባቢው ነጭ ዓሣ በሚል የጋራ ስም የሚታወቁ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያቸው ላቤኦባርበስ የተባሉ 15 ያህል የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ይኖራሉ። በርካቶቹ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌላቸው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ያልተለመደ ነው።

ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ውስጥ ነበር። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች ከልክ ካለፈ ምርትና ከአጥፊ የአሰጋገር ዘዴ ጋር ተዳምረው አጠፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 የላናዎ ዝርያዎች ከምድረ ገጽ መጥፋታቸውን አስታውቋል። ጣና የያዘው እንግዲህ ምትክ የሌለው ነው።

የአስጋሪው ጫና

እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ ማስገር በዋነኛነት የወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ የሚያካሂደው፣ ለዕለት ጉርስ የሚሆን ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገቡ። በንግድ የሚሰገረው መጠን በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። ጭማሪው ግን ዋጋ አስከፍሏል። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአስርቱ ዓመታት ማብቂያ የተደረጉ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት 75 በመቶ፣ ጫጩቶቹም 90 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል።

ምክንያቱ በመራቢያ ጠባያቸው ውስጥ አለ። ከስብስቡ ግማሽ ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይና አርኖ ጋርኖ ወንዞች ወጥተው በጠጠራማ፣ ንጹሕ በሆነ ወራጅ ውሃ ውስጥ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ መግቢያ ይሰበሰባሉ። በዚያ ቦታና በዚያ ሰሞን የተዘረጋ አንድ መረብ የሚይዘው ገና ያልወለደውን ወላጅ ነው። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ዱቄት ነስንሶ ዓሣን ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ዓይነ ጠባብ የፕላስቲክ ክር መረቦች ተጨምረውበታል።

የአስተዳደሩ ጫና

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ የአማራ ክልልም በተከታታይ የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ። የተመዘገበው 695,885 ሄክታር ሲሆን፣ ጥብቅ የሆነው ዋና ቀጣና 22,841 ሄክታር፣ ማለትም ከጠቅላላው 3 በመቶ ያህሉ ነው።

በዚሁ ውሃ ላይ ሌሎች ዓላማዎችም ተደራርበዋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል፤ እንደ ርብ ባሉ ወንዞች ላይ የተሠሩ የመስኖ ግድቦች ደግሞ ወደ ላይ የሚጓዘውን ዓሣ መንገድ ይዘጋሉ። ኃይል በሜጋ ዋት፣ መስኖ በሄክታር፣ ዓሣ ሀብት በቶን ይለካል። ወደ ጉማራ ወጥቶ የተመለሰው ዓሣ ብዛት ግን በማንኛውም ዘርፍ የስኬት መለኪያ ውስጥ አልገባም። በሪፖርት የማይጠየቅ ነገር ደግሞ በበጀት አይታሰብም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም በወንዝ ዳር ተቆጣጣሪ ብቻ የቆመ ጥበቃ ሰላም ሲደፈርስ አብሮ እንደሚፈርስ ያስገነዝባል።

የፒያሳ ድርሻ

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ብዙ የከተማ ሰው በጾም ወራት ዓሣ ይመገባል። የፍልሰታ ጾም የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ይህ ጊዜ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት መካከል ይወድቃል። በከተማ ፍላጎት በሚጨምርበት ሳምንት ዓሣው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በቀላሉ ይያዛል።

ሻጩም ሆነ በላተኛው ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ዓሣው ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ሲላክ ዝርያውም፣ መጠኑም፣ ዕንቁላል መያዙም በዓይን አይለይም። የአዋጁ ማስረጃ ባሕር ዳር ላይ በቢላዋ ጠርቷል ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሦስት የመፍትሔ ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ክልከላው ሐይቁን በሙሉ ሳይሆን የወንዞቹን መግቢያዎች ብቻ፣ ዓመቱን በሙሉ ሳይሆን በመራቢያ ወራት ብቻ ቢሸፍን አስጋሪው በቀሪው ውሃ ላይ ቆሮሶና አምባዛ እያሰገረ መኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ በእነዚህ ወራት ወደ ከተማ የሚጫን ዓሣ የተሰገረበትን ቦታና ቀን፣ የዓሣውንም ዓይነት በሚገልጽ ሰነድ ቢታጀብና ነጭ ዓሣ ሳይገፈፍ እንዲጓጓዝ ቢደረግ፣ ቁጥጥሩ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ጀልባዎች ወደ ጥቂት የማራገፊያና የመሸጫ ቦታዎች ይሰበሰባል። ሦስተኛ፣ የኃይልና የመስኖ ተቋማት ዓመታዊ ሪፖርት የዓሣውን የወንዝ ጉዞ የሚመለከት መለኪያ ሊይዝ ይገባል።

ሐሳቦቹ ያለ ወጪ አይደሉም። በክልከላው ወራት ገቢው የሚቀንሰው አስጋሪ ቤተሰብ አለው፤ ሸክሙ በእርሱ ላይ ብቻ ከወደቀ ሕጉን በሌሊት መጣሱ አይቀርም። ስለዚህ ለሐይቁ ከሚታሰበው በጀት የክረምቱ ማካካሻ መቅደም አለበት። ላናዎ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ የጠፋው በየዓመቱ የሚመለሰው ዓሣ ቁጥር ሲያንስ ቆጣሪ ስላልነበረው ነው። በጣና ቆጠራው ተጀምሯል፤ የቀረው ቁጥሩን ወደ አራት ኪሎም ወደ ፒያሳም ማድረስ ነው።