የበልግ ዘር በላስታ ደጋ

ለደጋው የላስታ ገበሬ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ብርቱ አሳብ የሚጥልበት የአጨዳው ቀን አይደለም፤ የካቲት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ነው። «ዛሬ ልዝራ ወይስ ልቆይ?» ይላል። ይህ ጥያቄ በከተማ ለሚኖር ሰው ቀላል ሳይመስለው አይቀርም። ስለዚህ ምክንያቱን ከሥሩ ጀምሬ ለማስረዳት እወዳለሁ።

እንደሚታወቀው በወሎ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አልፎ አልፎም እስከ ግንቦት ነው። የበልጉ እርጥበት የሚነሣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር ሲሆን፣ ከሜዲትራንያን በኩል የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ዝናብ ይሆናል። በማዳጋስካር አካባቢ ዐውሎ ነፋስ በበዛበት ዓመት ግን እርጥበቱ ወደዚያው ይሳብና የእኛ ሰማይ ባዶውን ይቀራል። በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ያለ ገበሬ የሚጠብቀው ደመና ከምን ያህል ርቀት እንደሚታዘዝ ተመልከቱ!

የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በመካከል ላለው ከፍተኛ ደጋ ክረምቱ አይመችም። ብርዱና ጭጋጉ ሰብሉን ያዘገየዋል፤ በረባዳው መሬት ውሃ ይተኛል፤ ዘግይቶ ያፈራውንም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ያቃጥለዋል። በየካቲት የተዘራ ገብስ ግን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይደርሳል። (በሐምሌ ዝናብ መካከል ማጨድና መውቃት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ነዶ አድርቆ የሚያውቅ ሁሉ ይነግራችኋል።) በአገር ደረጃ የበልግ ምርት ከጠቅላላው ዐሥር በመቶ እንኳ አይሞላም ይባላል። ቍጥሩ እውነት ቢሆንም አሳሳች ነው፤ በከፍተኛው ደጋ ለሚኖር ቤተ ሰብ በልግ ዋናው ቀለብ ነውና።

ወደ ዘሩ እንመለስ። አንድ ሄክታር ገብስ በእጅ ተበትኖ ሲዘራ አንድ ኩንታል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ዘር ይፈጃል። ግማሽ ሄክታር፣ ማለት ሁለት ጥማድ ያህል፣ ያለው ሰው 50 ኪሎ ያወጣል። ለአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ ብንል፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ይህን ዘር ለ20 ቀን ይበላው ነበር። ዘሩ በቅሎ ከደረቀ የቀረው ምርት ብቻ አይደለም፤ ከልጆች አፍ የተቀነሰው ቀለብም ዐብሮ ጠፋ። መልሶ ለማረስም በበጋው ጭድ አልቆባቸው የከሱ በሬዎች እንደገና መጠመድ አለባቸው።

ይህ በታሪክም የታየ ነው። በወሎ የ1964 ዓ.ም. ክረምት ተበላሽቶ፣ በላዩ የ1965ቱ በልግ ሲቀር ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በኤል ኒኞ ምክንያት ሲደክም፣ በመላው አገር ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ።

እንግዲህ ብልኅ ገበሬ ዝናብ ስለ ጣለ ብቻ አይዘራም። የታረሰውን መሬት ቆፍሮ እርጥበቱ ስንዝር ያህል መውረዱን ይመለከታል። ላይ ላዩን ብቻ የራሰ መሬት ዘሩን አብቅሎ ይገድለዋል። ነገር ግን አብዝቶ መቆየትም ጕዳት አለው፤ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ እሸት ሳለ የሐምሌ በረዶ ይመታዋል። በእኔ አስተያየት ዘሩን ከፍሎ መዝራት ይሻላል። ሁለት እጁን እርጥበቱ በተረጋገጠ ጊዜ መዝራት፣ ሢሶውን ለሁለተኛው ዝናብ ማቆየት ነው። የራሱ በሬ የሌለው ሰው ሁለት ጊዜ ጥማድ መለመን ይከብደዋልና ይህ ለሁሉ አይሆንም ቢሉኝ እውነት ነው፤ ለእርሱ ጎረቤት በወንፈል ካልረዳው ምክሬ ከንቱ ነው። መጋቢት አልፎ ዝናቡ ካልተመለሰ ግን ያቺ ሢሶ ለሚቀጥለው የካቲት ዘር ትሆናለች።