በስንዴ ላይ ዋግን ለይቶ ማወቅ

በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለ ስንዴ ገና ሳያሸት ቅጠሉ ብጫ ሲሆን፥ ብዙዎቻችን «ማዳበሪያ አንሶት ይሆናል» እንላለን። ከመፍረዳችን በፊት ግን ቅጠሉን በጣታችን እንጥረገው። በጣታችን ላይ ዱቄት ከቀረ በሽታው ዋግ ነው፤ ይኸውም የፈንገስ ወገን ነው።

ዋግ ሦስት ዓይነት ነው። ብጫው ዋግ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር ይሰለፋል፤ ብርድና እርጥበት ስለሚስማማው ደጋውን ያጠቃል። የቅጠል ዋግ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይበተናል። የግንድ ዋግ ሸክላ መልክ አለው፤ የአገዳውን ልጥ ይቀዳል፥ ሙቀትም ያበረታዋል።

ይህ ፈንገስ የሚባዛው በሕያው ተክል ላይ ነው። በባሌ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘራ፥ ካንዱ ወቅት ወደ ሌላው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዘር ፈጀው። ብዙ ገበሬ ዲጋሉን ተክቶ ዘራ፤ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲጋሉን መታው።

ስለዚህ ባንድ ዘር ብቻ መተማመን አይበጅም። ምልክቱ እንደ ታየ፥ የላይኛው ቅጠል ሳይያዝ፥ እንደ ፕሮፒኮናዞል ያለ መድኃኒት መርጨት ይገባል፤ የደረቀውን ቅጠል ግን መድኃኒት አይመልሰውም። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከወላጆቻችን ጋር ወደ ማሳው እንውረድ፤ የመጀመሪያዋን ነጥብ ቀድሞ ያየ አዝመራውን ያተርፋልና።