ቃጫውን ከአገዳው የሚለይ መኪና፦ ስለ ተልባና ስለ ሄምፕ

ተልባን ሁላችን የምናውቀው በፍሬው ነው። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በጾም ወራት ለማባያም ለመጠጥም ይሆናል። አገዳው ግን አውድማ ላይ በበሬ እግር ተረጋግጦ ይቀራል። በፍታ የሚባለው ጨርቅ የሚሠራው ከዚሁ አገዳ መሆኑ ሲነገር አንዳንዱ እጩ መምህር አያምንም። የጥንት ግብፃውያን ግን ሬሳቸውን የሚገንዙት በዚሁ ጨርቅ ነበር፤ ያውም ያለ አንዳች መኪና። ታዲያ ለመኪና ሠሪዎች ነገሩ ለምን ከበዳቸው?

በመጀመሪያ ጥጥን እናስታውስ። የጥጥ ቃጫ በፍሬው ላይ እንደ ጠጉር የበቀለ ነው። እናቶቻችን በመዳመጫ ብረት ሲዳምጡት ፍሬው በአንድ ወገን፣ ጥጡ በሌላ ወገን ይወጣል። አሜሪካዊው ኤሊ ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1794 የፈጠራ መብት ያገኘበት መዳመጫ መኪናም ሥራው ይኸው ነው፤ ጥጡን በጥርስ እየጎተተ ፍሬውን ያስቀራል።

የተልባ ቃጫ ግን ውጭ አይታይም። ያለው በልጡና በመካከለኛው እንጨት መሐል ሲሆን፣ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ከሥር እስከ ጫፍ ይዘልቃል። አጣብቆ የያዘውም ፔክቲን የሚባል ሙጫ ነው። እንግዲህ ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የሙጫ ነው ማለት ነው። መኪና ሠሪው ሙጫውን ረስቶ ብረቱን ቢያከብደው ቃጫውን ይበጣጥሰዋል እንጂ አይለየውም።

ሙጫውን የሚፈቱት ባክቴሪያና ሻጋታ ናቸው። አገዳው ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ እንደ ውሃው ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ጤዛ ሲመታው ደግሞ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቀኑ ካነሰ ቃጫው ከእንጨቱ አይላቀቅም፤ ከበዛ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል። ልክ እንደ ጠጅ ጥንስስ፣ ቀኑን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በቤልጅግ አገር የሊስ ወንዝ በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። ሽታው ግን አይጣል ነው፤ ውሃውም ይበከላል። ዛሬ በአውሮጳ በብዛት የሚሠራበት የጤዛው ዘዴ ነው።

ከዚህ በኋላ መኪናው ይገባል። የደረቀው አገዳ ጥርስ ባላቸው ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ሲያልፍ እንጨቱ ይሰባበራል፤ ቃጫው ግን ስለሚተጣጠፍ ይተርፋል። ቀጥሎ የሚሽከረከሩ ምላሶች ስብርባሪውን መትተው ያራግፉታል። በመጨረሻም በብረት ማበጠሪያ ይበጠራል። ረጅሙ ለጥሩ ጨርቅ፣ ብጥስጣሹ ለገመድና ለሻካራ ጨርቅ ይሆናል።

የመፍተሉም ጉዳይ ከሙጫው አልራቀም። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1810 ተልባን በሚገባ የሚፈትል መኪና ለሚፈጥር ሰው አንድ ሚሊዮን ፍራንክ እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ፊሊፕ ደ ዢራር የሚባል ፈረንሳዊ በዚያው ዓመት መላውን አገኘ፤ ቃጫውን እያራሱ መፍተል! እርጥበቱ የቀረውን ሙጫ ስለሚያላላው ክሩ ይቀጥናል። ናፖሊዮን ወደቀ፤ ሽልማቱም ሳይከፈል ቀረ። ሰውየው በኋላ ወደ ፖላንድ ሄዶ ሠራ፤ እዚያ ያለችው የዢራርዱቭ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው።

ሄምፕ የካናቢስ ዘር ነው። ቁመቱ 3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ እንጨቱም ይወፍራል። (በአገራችን ካናቢስ ማብቀል በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማንም አይሞክረው።) በአሜሪካ ጆርጅ ሽሊክተን እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና የሄምፕን አገዳ ሳይዘፈዘፍ ለመላጥ የታሰበ ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን አልተስፋፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገመድ ቃጫ ሲጠፋ የአሜሪካ መንግሥት በርካታ የሄምፕ ፋብሪካዎች አቋቋመ። እነዚህ የተቀበሉት አገዳ ግን አስቀድሞ እርሻ ላይ ጤዛ የመታውን ነበር። ዘመን አመጣሹ መኪና ያለ ባክቴሪያ አልተራመደም ማለት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «አርሲና ሸዋ ይህን ያህል ተልባ እያለ መኪናውን ብናስመጣስ?» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይኸ ከጋሪው በኋላ ፈረሱን ማሰር ነው። የኛ ተልባ የሚዘራው ለዘይትና ለምግብ ነው፤ አጭር ነው፣ ቅርንጫፍም ያበዛል። ለቃጫ የሚሆነው ግን ሳይቀረነፍ ወደ ላይ እንዲመዘዝ ተጠጋግቶ ይዘራል፤ ቁመቱ እንዳይቀንስም አይታጨድም፣ ከነሥሩ ይነቀላል። በሬ የረገጠው አገዳማ ምን ቃጫ ይወጣዋል? ከሱ ይልቅ የእንሰት ቃጫ ይቀድማል። እንሰት ሳይዘፈዘፍ እርጥቡን ስለሚፋቅ ለመኪና ይመቻል፤ ድካሙም ያለው በሴቶች ላይ ነው። ብቻ መኪናው ለቃጫው ሲል ቆጮውን እንዳያበላሽ!

ለክፍል ትምህርት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ያልተረገጠ የተልባ አገዳ ሁለት እስር አዘጋጁ። አንደኛውን በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና ወደ ስምንት ቀን ገደማ አቆዩት፤ በየዕለቱ አንድ ዘንግ አውጥታችሁ ልጡ በጣት ሲላቀቅ እስር ሙሉውን አውጥታችሁ አድርቁ። ሁለተኛውን ሳይዘፈዘፍ ተዉት። ከዚያ ሁለቱንም ተማሪዎቹ በእጃቸው ይስበሩ። ባልዲው ከክፍል ውጭ ይቀመጥ፣ ውሃውም ምንጭ አጠገብ አይደፋ።