ረግረጉን መጠበቅ ከቆጠራ ይጀምራል

ሰሜኑን ዓለም በረዶ ሲውጠው እኛ ዘንድ በጋ ነው። ከሩሲያና ከአውሮፓ የሚነሡ ዳክዬዎች፣ ቀጫጭን እግር ያላቸው የጭቃ ዳር ወፎችና ክሬን የሚባሉት ግራጫ ሽመላ መሰሎች ከመስከረም ጀምሮ እየገቡ እስከ መጋቢት ድረስ በደጋው ውሃዎቻችን ላይ ይሰነብታሉ። ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ መሆን የለበትም። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ከትልቁ አቃቂ ጋር የሚገናኘው አባ ሳሙኤል በሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ነው። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራው እዚያ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ወሳኝ ናቸው ብሎ 69 ቦታዎችን በመጽሐፍ ሲያወጣ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስድስት ቀን ሠርቶ እሁድ ጠዋት ብቻ ለምትተርፈው ሰው ነው። በጎ ፈቃድ ሲባል ሁላችንም ወደ አካፋና ወደ ችግኝ እንሮጣለን። ረግረግ ግን ከሁሉ በፊት የሚያጣው አምና ምን እንደነበረበት የሚያውቅ ሰው ነው። በሌሊት የግንባታ አፈር የጫነ ሲኖትራክ መጥቶ ዳርቻውን ሲደፍነው፣ ወይም ከላይ የተለቀቀ ፍሳሽ ውሃውን ሲያጠቁረው፣ ቢሮ ሄዶ መጮህ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። «ምን ጠፋ? ስንት ነበር? መቼ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደብተሩን የሚዘረጋ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሠራተኛ ሰው ለረግረግ ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ነገር አንዱን ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አካሄድ፣ ለዓመታት መቁጠር ነው። በዓመት አንዴ እንደ መስቀል ወፍ ብቅ ከሚል ካሜራ ይልቅ በወር አንዴ የማይቀር እርሳስ ይጠቅማል።

ቦታውን ሲመርጡ ከቅርቡ ይጀምሩ። በእግር የሚደረስ ቦታ ካልሆነ ሦስተኛው ወር ላይ ድካም ያሸንፋል። በመካኒሳና በጎፋ በኩል ወንዙን ተከትለው ያሉት የአትክልት እርሻዎች ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ናቸው። ውሃ በገባባቸው መደቦች መሐል ነጩ ሳቢሳ ይራመዳል፤ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ የማይሰለቸው ትንሽ እንግዳ ወፍ በበጋ ከከብቶቹ እግር ሥር አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት እየጮኸ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው፣ ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለም። ቄራ ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ ደግሞ በዓለም ደረጃ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወገን ነው። እነዚህን ሳይለዩ ወደ ሐይቁ መሄድ ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት ለመድገም መነሣት ነው። አባ ሳሙኤልን በወር አንዴ፣ ቢቻል ከጓደኛ ጋር፣ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ ወርደው ይዩት፤ የሰፈርዎን ቦታ ግን ለእሱ ብለው አይተዉ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ላይ ይገኙ። ሦስት ሰዓት ካለፈ ነፋሱ ይነሣል፣ ውሃው ያንጸባርቃል፣ ከብቱም ይወርዳል። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሣ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። ለምሳሌ ማንኪያ አፍ ዳክዬዎችን እንያቸው። ወንዱ ራሱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የሸክላ ቀለም ነው፤ ሴቷ ዝንጉርጉር ቡናማ ናት። ምንቃራቸው ጫፉ ላይ ይሰፋል፣ ጠርዙ ላይም ቀጫጭን ጥርስ የሚመስሉ ነገሮች ተደርድረውበታል፤ ውሃውን አስገብተው በጎን ሲያስወጡት ጥቃቅኑ ምግብ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ተከታትለው በክብ ይዋኛሉ፤ የፊተኛው ከታች የቀሰቀሰውን የኋለኛው ይለቅማል። ስለዚህ አንድ በአንድ መቁጠር ያሳስታል፤ ዙሩ ሳያልቅ የተቆጠረው ዳክዬ ዞሮ ይመጣል። መጀመሪያ አሥር ዳክዬ ይቁጠሩ። አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይንዎ ይያዙ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ መንጋው ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ስፋት እንዳለ ይለኩ። ይድገሙት፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ለሦስተኛ ጊዜ ይቁጠሩ። በመሐል ጭልፊት አልፎ ሁሉንም ካስነሣ ተቀምጠው ይጠብቁ፣ በአየር ላይ ያለውን አይገምቱ።

ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው የወፍ ስም ብቻ አይደለም። ቀኑ፣ የጀመሩበትና የጨረሱበት ሰዓት፣ የቆሙበት ቦታ፣ ደመናውና ነፋሱ፣ ውሃው ካለፈው ወር ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ፣ ዳር ላይ የነበረው ሰው፣ ከብትና ውሻ ሁሉ ይጻፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶ የሆነ ቀን ይጻፍ። ጀማሪ ወፍ ያላየበትን እሁድ እንደ ባከነ ቀን ቆጥሮ ሳይመዘግበው ይቀራል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ወፎቹ መቼ መምጣት እንዳቆሙ የሚናገረው ያ ዜሮ ነው። ያልለዩትን ወፍም በስሜት አይሰይሙ፤ «ያልታወቀ የጭቃ ዳር ወፍ፣ 14» ብሎ መጻፍ ትልቅ ሥራ ነው። ቤት ገብተው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው፣ ኢበርድ በሚባለው የወፍ መዝገብ ላይ በስልክዎ ያስገቡት፤ መርሊን የሚባለው የዚያው ተቋም መተግበሪያ ለመለየት ያግዛል፣ የመጨረሻውን ቃል ግን አይስጡት።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። «8 በ42» የተጻፈበት መነጽር ይበቃል፤ የፊተኛው ቁጥር የሚያቀርበውን ያህል፣ የኋለኛው የመስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ያሳያል። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያቀርበው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዋጋውም ይከብዳል። አንድ መነጽር ለአራት ሰው መግዛት ነውር የለውም።

ወረቀቱ ግን ችላ አይባልም። መነጽርና ካሜራ ይዞ ግድብ አጠገብ መቆም ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ጥበቃውም ሥራው ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ፣ ከትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ወይም ከማኅበር የትብብር ደብዳቤ ያጽፉ፣ ለወረዳው ያስገቡ፣ ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ። ማመንጫውንና ጥበቃ ያለበትን ሁሉ ፎቶ አያንሡ። ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ አብዛኛው ገበሬና እረኛ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ቡልተን» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የማን ማሳ ላይ እንደቆሙ ጠይቆ መግባት መንገዱን ይከፍታል። እርሻ ላይ የሚሠሩ እናት ካሉ «እናቴ፣ ይፈቅዱልኛል? ወፍ ልቆጥር ነው» ይበሏቸው። በቀጣዩ ወር ሲመጡ እሳቸው ራሳቸው «ትናንት እኮ ብዙ ነበሩ» ብለው ይነግሩዎታል። እረኛ በሳምንት ሰባት ቀን እዚያ ነው፤ እርስዎ በወር አንዴ። የሚነግርዎትን በደብተሩ ለብቻ ይጻፉለት።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ረግረግ ላይ ችግኝ መትከል በጎ የሚመስል ጥፋት ሊሆን ይችላል። እርጥብ ሣር የለበሰ ሜዳ ዛፍ ያጣ ባዶ መሬት አድርገን እናየዋለን፤ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ውሃውን ይመጠዋል፣ ሣሩ ይሳሳል፣ ምንቃራቸውን ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ሰክተው የሚበሉ ወፎችም የሚቀመጡበት ያጣሉ። የመሥሪያ ቤትዎ የችግኝ ዘመቻ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ከመጣ ሳይፈሩ ይናገሩ፤ ከረግረጉ በላይ ያለው የተሸረሸረ ተዳፋት ላይ፣ ሀገር በቀል ዛፍ ይሁን ይበሉ። ያው ችግኝ እዚያ ደለሉን ይይዛል፣ ሐይቁንም ይጠብቃል።

ቆሻሻ ለመልቀም ምርጡ ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፤ ውሃው ይሸሻል፣ ፕላስቲኩ ይታያል፣ የበልግ ጎርፍ መልሶ ሳይወስደው ይደረሳል። የተለቀመው እዚያው አይቃጠል፤ ማንሻ መኪና አስቀድሞ ካልተገኘ ዘመቻው ይራዘም። እምቦጭ እኛ ሀገር መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፤ አረሙን ነቅሎ ዳር ላይ መከመር ደግሞ ድካም ብቻ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ጎርፍ ከማይደርስበት ወስዶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ደግሞ ሣርና ደንገል ውስጥ አይግቡ፤ ያኔ የሚራቡት የእኛው ወፎች ናቸው።

ረግረግን ከገበሬው ጋር መጠበቅ እንዴት እንደሚሆን ማየት የፈለገ የበርጋን ሜዳ ይጠይቅ። ከሆለታ ወዲያ ባለው በዚህ እርጥብ ሜዳ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት ከድንቢጥ ብዙም የማትተልቅ የሣር ውስጥ ወፍ ስትራባ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ሣሩ ውስጥ ትፈለፍላለች፤ ከ2013 ጀምሮ በዓለም እጅግ አስጊ ደረጃ ላይ ካሉት ተመድባለች። የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ሜዳውን አጥሮ ሰውን አላባረረም፤ ከገበሬዎቹ ጋር የድጋፍ ቡድን አቋቋመ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲሠራ አገዘ። ከብቱ ወፏ ጫጩቶቿን እስክታወጣ ይቆያል፣ ከዚያ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ገበሬው ድርቆሹን ካላገኘ ወፏም አትቆይም።

ጤናዎን ይጠብቁ። ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዞ የሚወርድ ወንዝ ነው። የላስቲክ ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት ያለው ብቻ ዳር ይውረድ፤ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው መዝገብ ይያዝ። ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚለቅም የቴታነስ ክትባቱን ያረጋግጥ። ሳሙናና ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይያዝ፣ ሳይታጠቡ ቁርስ አይቀረብ። የሞተ ወፍ ካዩ አይንኩት፤ ሁለት ሦስት በአንድ ቦታ ከሆነ ፎቶ አንሥተው በዕለቱ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ለሥራ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ወጣት እውነቱን ልንገረው። ቆጠራ ራሱ ደመወዝ አይከፍልም። ሆኖም ሦስት ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ ያለው የባዮሎጂ ምሩቅ ከማስረጃ ወረቀቱ ሌላ የሚያሳየው ነገር አለው። ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ያላት ሀገር ናት፤ ለወፍ ብሎ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ፣ ወፉን በድምፁ የሚለይና «አላወቅኩትም» ማለት የማያፍር አስጎብኚና ሾፌር ይፈልጋል። ያ ችሎታ ከመጽሐፍ ብቻ አይመጣም።

በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች በአንድ ወቅት የሚቆጠሩት በጥር አጋማሽ፣ እኛ ዘንድ በጥምቀት ሰሞን ነው፤ ይህ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ለዚያ ለመድረስ ጥቅምት ላይ ይጀምሩ፣ በኅዳር የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ያነጋግሩ፣ የእርስዎ ቦታ ያለቆጣሪ የቀረ መሆኑን ይጠይቁ። የዓለም የረግረግ ቀን ጥር 25 ይውላል፤ የዓመቱን ቁጥር በአንድ ገጽ አጠቃልሎ ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ለማስገባት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ሲያስገቡ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ይቀበሉ፣ ደብተሩ ላይም ይጻፉት።

ሥራ ሊቀየር፣ ቤት ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ ሁለተኛ ሰው ያሠልጥኑ፤ የሚቆሙበትን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት አድርገው፣ ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው የቧንቧ መሻገሪያ እንደሚቆጥሩ ጽፈው ደብተሩ ሽፋን ላይ ይለጥፉ። የየገጹን ፎቶ በየወሩ ለዚያ ሰው ይላኩለት።